የጥጉ ቤት ወንበር

ከሰፈሩ መሃለኛ ቤቶች በአንዱ፣ ወንበሩ ከቦታው ተነቃንቋል። እግሮቹ ቤት አሰናጂው በጠመኔ ካሰመረው ምልክት ወጥተው፣ ፊቱ ከመስኮቱ ወደ ማድ ቤቱ ዞሯል። መስኮቱ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። የበሩ ቁልፍ ደግሞ ሌሊቱን በእሱ ኪስ ነበር ያደረው።

ሥራው ለሰው ሲነግሩት ያስቃል። ጥንታዊው ሰፈር በቅርስነት ከተከለለ ወዲህ ነዋሪው አንድ በአንድ ወጥቶ አለቀ፤ ጎብኚ ደግሞ ባዶ ቤት ማየት አይወድም። ስለዚህ የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ እሱን ቀጠረ። ጠረጴዛ ያሰናዳል፣ ገመድ ላይ ልብስ ያሰጣል፣ ሲመሽ መብራት ያበራል። ታላቅ እህቱ «የሙታን ሠራተኛ» እያለች ትቀልድበታለች።

ማን እንደነካው ለመጠየቅ፣ ሰፈሩ ውስጥ ብቻዋን ወደቀረችው ልብስ ሰፊ ሄደ።

«እኔ ነኝ ያዞርኩት» አለች፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«በየት ገብተሽ?»

«በማድ ቤት። እነዚህን ቤቶች የሠሩት ወንድማማች ነጋዴዎች ናቸው። ሚስቶቻቸው መንገድ ላይ ሳይወጡ እንዲጠያየቁ ብለው ከማድ ቤት ወደ ማድ ቤት በር አወጡላቸው። አንተ ቁም ሳጥን ገተርክበት እንጂ በሩ አለ።»

«እሺ፣ ወንበሩስ ምን አደረገሽ?»

«የቤቱ ባለቤት ፊታቸውን ወደ መንገድ አድርገው ተቀምጠው አያውቁም። ድስት ስለሚያርርባቸው ዓይናቸው ከማድ ቤት አይነቀልም ነበር። እማማ ጭሶ ነበር የምንላቸው።»

ሳቀ። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ እሱም ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ቤቶቹን አብረው ያሰናዱ ጀመር። የማን ትራስ የት እንደነበር፣ የትኛው ደረጃ ሲረገጥ እንደሚጮህ ትነግረዋለች፤ እሱ ይለካል፣ ያሰምራል። ጠመኔውን ስታቀብለው ጣቶቻቸው ሲነካኩ፣ ሁለቱም ስለ ወንበር የሚያስቡ ለመምሰል ይሞክራሉ። በሰፈሩ ዳር ብቻውን ወደቆመው የጥጉ ቤት ግን አብራው ሄዳ አታውቅም፤ እሱም አልጠየቃትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደፈረ።

«እህቴ ቤት አጠገብ ሁለት ክፍል አግኝቻለሁ። እንጋባና ከዚህ እንውጣ።»

«እንጋባ» አለች። «መውጣቱን ግን ተወው። እኔ ከወጣሁ እነዚህ ሰዎች የት ይቀመጡ እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። ቤቴንም የዘጋሁ ቀን ጽሕፈት ቤቱ ይወስደዋል።»

ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።

«ይሁን፣ እዚሁ እንኑር። አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ። የጥጉን ቤት ወንበር አታዙሪ። እኔ ወደ ምድጃው አዞረዋለሁ፤ ጠዋት ስገባ ወደ መስኮቱ፣ ወደ እናንተ ቤቶች ዞሮ ይጠብቀኛል። አንቺ መሆንሽን እያወቅኩ እንኳ ያስደነግጠኛል።»

እጇ መኪናው ላይ ቆመ።

«የጥጉ ቤት እኮ የማድ ቤት በር የለውም» አለች ቀስ ብላ። «የነጋዴዎቹ ታላቅ ወንድም ከሁሉም ተኳርፈው ብቻቸውን ያረጁበት ቤት ነው። እንኳን እኔ፣ እናቴም ገብታበት አታውቅም።»

ቤት አሰናጂው ቁልፎቹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

«እሰይ!» አለች እህቱ፣ ቤቷ ገብቶ ሲነግራት። «ሰው የሚኖርበት ሰፈር ሚስት ጠፍቶ ነው?»

የእህቱ ቤት ብሩህ ነው፤ ቴሌቪዥኑ አይዘጋም፣ ልጆቿ ይንጫጫሉ። ቀናት አለፉ። እያንዳንዱን ዕቃ እንደ ልማዱ ተመለከተ፤ ሁሉም በቦታው ነበር። እሷ ብቻ አልነበረችም።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ተመለሰ። ሻይ እየቀዳች ነበር።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ለመቆየት ነው?»

አጠገቧ ተቀመጠ። የዕለቱ የመጨረሻ ጎብኚዎች በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ አንዲት ሴት ቆም አለች።

«ውይ፣ ሰው ቀጥረው ነው እንዴ የሚያስቀምጡት?»

«ተዋናዮች ናቸዋ» አለ ባሏ።

ሁለቱ ሳቃቸውን አፍነው እንደ ሐውልት ደረቁ። ጉልበቱ ጉልበቷን ነክቷል።

«ልጆቹስ ያምራሉ» አለች ሴትየዋ። «ከኋላቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ያስፈራሉ። ዓይናቸውን እንኳ አያርገበግቡም።»

ኮቴያቸው ርቆ ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ ሻዩ ብቻ ይጨሳል። ሁለቱም ወደ ኋላ አልዞሩም።

ሂድ አላለችውም፤ በሩን ግን አየች። እሱ ተነሣ። ሲወጣ ላለማየት አንገቷን ደፋች። እርምጃው በሩ ጋ ደረሰ፣ ሳይወጣ በሩን አልፎ መደርደሪያው ጋ ቆመ። ብርጭቆ ሲነካካ ሰማች። አንድ ትርፍ ብርጭቆ ይዞ መጥቶ ከእነሱ ሻይ አጠገብ አስቀመጠው።

«ሽማግሌው ስኳር ያበዛሉ?» አላት፣ የስኳሩን ዕቃ እያስጠጋ።

«እኔ ምን አውቄ!» አለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀች። «አንተው ጠይቃቸው እንጂ።»