የሙቅ ውሃ ምሳ

እናቴ ውሃ ብቻ ያለበት ድስት የምትጥድ ሴት ናት። ዛሬ ይህን በኩራት እናገራለሁ። ያኔ ግን ሰው ከሚያውቅብኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

አባቴ አናጺ ነበር፤ ያውም እጁ የተባረከ። አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ ደም በአንጎሉ ውስጥ ፈሶ ነው አለን። ነፍሱ ተረፈች፣ እጁ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ መላጊያውንም መጋዙንም እኔ ተረከብኩ። ሥራው አልከበደኝም፤ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ እግሩ ሥር ሆኜ ተምሬዋለሁ። የከበደኝ ሰው ነው። ደንበኛ ደጃፍ ላይ ቆሞ አባቴን ይጠይቃል። መታመሙን ሲሰማ እኔን ከራስ እስከ እግር ያየኝና «እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። ሄዶ የተመለሰ የለም። አራት ወር እንዲህ አለፈ።

እማዬ ግን ስድስት ሰዓት በሆነ ቁጥር ድስቷን ትጥዳለች። የሚጨመርበት ኖረም አልኖረም ውሃ ታደርግና እሳቱን ትለኩሳለች። «ጉሮሮን የፈጠረ ሳይዘጋው አያድርም» ትላለች። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ውሃው ሳይፈላ አንድ ነገር ይመጣ ነበር፤ አባቴ ዱሮ ሣጥን የሠራላቸው ሴትዮ ድንች ይዘው ሊጠይቁት ይመጣሉ፣ ወይ የማኅበር ጓደኛዋ ሽሮ ታቀብላታለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም አይመጣም፣ ውሃው ፈልቶ ፈልቶ ይጎድላል። እኔ ታዲያ ክዳኑን ገጠም አደርገዋለሁ፤ እንፋሎቱን ያየ ጎረቤት ወጥ ነው ብሎ እንዲያልፍ። ኩራት ራት ነው ይባል የለ? ለኛ ቤት ምሳም ነበር።

እሱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሌላ ሰው በር ያንኳኳል፣ እሱ በሩን ተሸክሞ መጣ። ረጅም ነው፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ነጭ ቀለም ተረጭቶበታል። ቀለም ቀቢ መሆኑን፣ ሊቀባው የነበረው የዚህ በር ታችኛው ጠርዝ በእርጥበት መበስበሱን ነገረኝና አናጺው የት እንዳለ ጠየቀ።

«እያየሃት ነው» አልኩት።

«እመለሳለሁ» እስኪል ጠበቅኩ። እሱ ግን በሩን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመና እስከ ምሳ ይደርስ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። ከራስ እስከ እግር አላየኝም። ሳስበው የወደድኩት ያኔ ይመስለኛል፤ ለራሴ እንኳ ያመንኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

የበሰበሰውን ቆርጬ አወጣሁ፣ በቦታው ደረቅ እንጨት ሰካሁና መላግ ጀመርኩ። አባዬ አልጋው ላይ ሆኖ የመላጊያውን ድምፅ ያዳምጣል። «ቀስ በይ መሮዬ፣ ቸኮልሽ» ይለኛል። መሮዬ የሚለኝ ምላሴ ስለት ነው ብሎ ነው። ቀለም ቀቢው የእንጨት ቁራጭ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ቀና ስል ዓይኑን ወደ በሩ ያሸሻል። ደግሜ ቀና አልኩ፣ አሁንም አሸሸ። ሦስተኛው ላይ እሱም አላሸሸ፣ እኔም አላሸሸሁ።

«ምነው መላጊያው ዝም አለ?» አለ አባቴ ከውስጥ።

መላጊያዬን እንደገና ያዝኩ። ጆሮዬ ድረስ ግሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ እማዬ ጣደች። ከዚያ ወጣ ብላ ቀለም ቀቢውን ምሳ አብሮን እንዲበላ ጋበዘችው። ድስቱ ውስጥ ያለውን እኔ አውቃለሁ። ግን ደግሞ ተጽናናሁ፤ እንግዳ ሲጋበዝ ቢያንስ ሁለቴ እምቢ እንደሚል የማያውቅ ማን አለ? አሁን በልቻለሁ ይላል፣ ሌላ ጊዜ ይላል፣ በክብር እንሸኘዋለን። ይህ ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ቃል «እሺ እማማ» ብሎ እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ምን ዓይነት ያልተቀጣ ልጅ ነው አልኩ በሆዴ።

አባዬን ደግፈን ወደ ገበታው አመጣነው። እማዬ ድስቱን መሃል ላይ አስቀመጠችና ጸለየች። የእማዬ ጸሎት አጭር ሆኖ አያውቅም። ለተሰጠን ሁሉ አመሰገነች፣ ለእንግዳው አመሰገነች፣ ለእጄ አመሰገነች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጣራው ተደርምሶ እንዲገላግለኝ እለምናለሁ። አሜን ተባለ። ክዳኑን አነሣችው።

«ልጄ፣ ዛሬ ያለን ሙቅ ውሃ ነው» አለችው፤ ድምፅዋ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። «ትናንት ሌላ ነበር፣ የነገውን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ለአራታችንም በኩባያ ቀዳች። እሱ ኩባያውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ቀስ ብሎ ጨለጠውና «ይደገመኝ፣ እማማ» አላት። ሁለተኛውንም ጠጣ። ከዚያ ከቦርሳው በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አውጥቶ ገበታው ላይ አኖረ። አባትና እናት እንደሌሉት፣ ምሳ ቋጥሮ በየሠራበት ቤት ግድግዳ ሥር ብቻውን ሲበላ ዓመታት እንዳለፉት ነገረን። ቶሎ እሺ ያለው ብቻውን መብላት ሰልችቶት ነው። እማዬ ዳቦውን ለአራት ቆረሰችው። እኔ የጎረስኩት ከእንባዬ ጋር ነው፤ የንዴት ይሁን የሌላ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ ይመላለስ ጀመር፤ አንዴ መሰላሉ ተነቃነቀብኝ ብሎ፣ አንዴ አባዬን ልጠይቀው ብሎ። አባዬ ጨዋታውን ወደደለት፣ እኔም ከቀትር በኋላ ኮቴውን ማዳመጥ ለመደብኝ። በሳምንቱ ደግሞ ሥራ እንደ ጉድ መጣ፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት መስኮት። ሁሉም «ቀለም ቀቢው ነው የላከን» ይላሉ። ደሜ ፈላ። አራት ወር በክዳን የሸፈንኩትን ገመናችንን አገር ለአገር አዞረው ማለት ነው። በማግስቱ ሲመጣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ስለኛ ለሰው ተናግረሃል?»

«ተናግሬያለሁ» አለ፤ ደግሞ ፈገግ ይላል።

«እኛ ምጽዋት አልለመንንም። ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጣ።»

ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እኔ በሩን ዘጋሁት።

መደርደሪያውን ያዘዙት ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ሊወስዱ ሲመጡ ጠርዙን በጣታቸው እየዳበሱ ሳቁ። ቀለም ቀቢው ቤታቸውን ሲቀባ ሥራውን አቁሞ እኔ የጠገንኩት በር ወዳለበት ቤት ወስዷቸው ኖሯል። ገና ቀለም ሳይነካው፣ አዲሱ እንጨት ከአሮጌው የተጋጠመበትን በጣታቸው እንዲያገኙ ተወራረዳቸው። ዳብሰው ዳብሰው አጡት። «ራሱ የሠራው ይመስል ደረቱን ነፋብኝ እኮ» አሉኝ። ስለ ውሃው፣ ስለ ረሃባችን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሴትየዋ ሲሄዱ ወንበሬ ላይ ዘጭ አልኩ። እማዬ ሁሉንም ሰምታለች። አልተቆጣችኝም፣ አጠገቤ ተቀመጠችና «አንቺ ልጅ፣ ስጠን ብለሽ ከእግዚአብሔር ትለምኛለሽ፣ በሰው እጅ ሲልክልሽ ታኮርፊያለሽ። መና ቢወርድልሽም ማን ላከው ብለሽ ትመልሺው ነበር» አለችኝ። 

ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ኩራቴ እግሬን ያዘው። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገባ። የእኔም ሥራ ከዝናቡ ጋር ቀዘቀዘ። እሱም አልመጣም፤ አትምጣ ብዬዋለሁዋ። ሰባት ሳምንት ሲሞላው ናፍቆቱ ከኩራቴ በለጠ። የሚከራይበትን ቤት ከነርሷ ጠይቄ፣ ነጠላ ጫማዬ ውሃ እየዛቀ ሄድኩ።

በሩን ሲከፍትልኝ ደነገጥኩ፤ ከስቷል። በክረምት ግድግዳ አይደርቅም፣ ግድግዳ ካልደረቀ ቀለም ቀቢ አይጠራም። ይህን ማሰብ ነበረብኝ፣ ግን የራሴን ቁስል ስልስ የሱን ረስቻለሁ። ያለችውን አንዲት ወንበር ለኔ ሰጥቶ እሱ ቆመ። ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አሁን መብላቱ ነው አለ። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ሳህኑ ከታጠበ ሰንብቷል። ይህን ውሸት አራት ወር ስዋሸው ስለኖርኩ ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ነርሷ የነገሩኝን ነገርኩት፤ በሩን ስለ ዘጋሁበት፣ ስላልሰማሁት ነገር ሁሉ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤታችን እንዲመጣ ለመንኩት።

«ክረምቱ ይውጣ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «ሥራ ልጀምርና ሰው ልምሰል። እንዲህ ሆኜ እናትሽ ፊት አልቀመጥም።»

«እኔ እንዲያ ሆኜ ፊትህ ተቀምጬ የለ?»

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቀና ብሎ ሲያየኝ ያ የመጀመሪያ ቀን ዓይኑ አልነበረም፤ የፈራ ዓይን ነበር።

«አዝነሽልኝ ነው የመጣሽው?»

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ አዘነልኝ እንጂ አልወደደኝም ብዬ። አሁን በሱ ቦታ ሳየው ፍርሃቴ ምን ያህል ሞኝ እንደነበረ ገባኝ።

«አዎ፣ አዝኛለሁ። እወድሃለሁም። ሁለቱ አንድ ልብ ውስጥ አይኖሩም ያለህ ማነው?»

እጄን ያዘው። የሱም የኔም መዳፍ ሻካራ ነው።  ከዚያ ኮቱን ለበሰና አብረን ወጣን።

የተጋባነው በዚያው ክረምት ነው፤ ሁለታችንም ሥራ በሌለን ሰሞን። ሰው ሁሉ ምነው በጋ እስኪመጣ ብትታገሡ አለን። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ቤታችን ድረስ መጥቶ ከቤተ ዘመዱ ፊት አፋጠጠኝ።

«ምን ይዛችሁ ነው የምትጋቡት?»

ባሌ ሊሆን ያለው ሰው ሊመልስ ሲል ቀደምኩት። እንደዚህ ያለ ቃል ከእማዬ አፍ ሲወጣ ሰውን እያየሁ የምሸማቀቅ ልጅ ነበርኩ። ያን ቀን አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

«እግዚአብሔርን ይዘን።»

አጎቴ ቆቡን አንሥቶ ወጣ። ባሌና እኔ በዚያ ክረምት ጠግበን ያደርንባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ጦማችንን ያደርንበት ቀን ግን አንድም የለም።