ከሰዓት በኋላ የሚዘጋ በር

የሰው ኃይል ሠራተኛዋ እንደ ወትሮው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዋን ስትከፍት ሃያ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ሁለት ሳምንት የሚፈጀው የሠራተኞች የጤና መድን ምዝገባ ከተጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አንዱ የልጆቹን የትውልድ ቀን አያውቅም፤ አንዷ የባሏን ፎቶ ረስታለች፤ ሁሉም የሚቆጣው ግን እሷን ነው። አምና በዚሁ ሰሞን ሁለት የሰው ኃይል ባልደረቦቿ ሥራ ለቀዋል።

ተራው የደረሰው የመጋዘን ሠራተኛ ፎርሙን ሳይሰጣት ፊቷን አያት።

«እህቴ፣ ዛሬ ውሃ ቀምሰሻል?»

«ፎርምህን አምጣ።»

«እኔ ዕቃ እያደልኩ ብቆጥር ኖሮ ጎድሎብኝ እስካሁን እስር ቤት ነበርኩ። ለቆጠራ መጋዘኑን እዘጋለሁ። አንቺስ?»

«ቢሮ ይዘጋል እንዴ?»

«ከሰዓት ብቻ። ጠዋት ተቀበይ፣ ከሰዓት መዝግቢ። ለየክፍሉም የየራሱን ቀን ስጪው።»

አለቃዋ «እስቲ ሞክሪው» አሏት። በማግስቱ የተሞላ ናሙና ፎርም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። መጋዘነኛው በምሳ ሰዓቱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ የሾፌሮች ቀን ነገ ነው።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ዘበኛ ሆንክ?» አሉት አንድ አንጋፋ ሾፌር።

«ከዛሬ ጀምሮ። ደመወዜን ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።»

ከውስጥ ሳቋ አመለጣት። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት።

በየቀኑ እየመጣ ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ በዕድገት ጠርቶኛል» አላት። «ሐሙስ መልስ እሰጣለሁ። አንቺ ቅርልኝ ካልሽኝ እቀራለሁ።»

ፊቷ ጋለ። «አሁን ጭንቅላቴን የሞላው የሰው ስም ነው። ምዝገባው ሲያልቅ እነግርሃለሁ።»

«የሚያልቀው ዓርብ አይደል እንዴ?»

ቀጣዩን ፎርም ወደ ራሷ ሳበች።

ረቡዕ ከሰዓት የመጨረሻውን ስም አስገብታ ቀና ስትል ጠረጴዛው ላይ አንድም ወረቀት አልቀረም። ሁለት ቀን ተርፏታል። ተነሥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። እሱ ካርቶኖች ላይ ቁጥር ይጽፋል።

«አለቀ» አለችው።

«ምኑ?»

«ምዝገባው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቅርልኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ቀረላት። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖሩ። እሱ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ምዝገባው ዛሬም ከቀኑ ቀድሞ ያልቃል፤ እሷም በጊዜ ቤቷ ትገባለች። ቤት ውስጥ ሰው የለም።