ሲያራግቡት የሚግለው ኮምፒውተር

ይህ የሆነ ነገር ነው። ሰው አልነገረኝም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ትልቋ ልጄ አጠገቤ ነበረች። ኮምፒውተር ጠጋኙም ነበረ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው... እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው የልጄ መኝታ ቤት።

የትንሹ ልጄ።

እሱ ካረፈ ወራት አልፈዋል። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ጫማዎቹም በሩ ሥር ናቸው። ኮምፒውተሩ ደግሞ... እንደበራ ነው።

ለምን አታጠፊውም ትሉኝ ይሆናል። የይለፍ ቃሉን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። አንዴ ከጠፋ ማንም ተመልሶ አይገባበትም። መብራት ሲሄድ የሚይዘውን ባትሪ እንኳ የገጠመለት እሱ ራሱ ነው።

ሆስፒታል የወሰድነው ቀን ጌም እየተጫወተ ነበር። ጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬ ባለበት ቀረ። በረዶ በሞላበት ሜዳ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ስስ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ከራሱ በላይ ስም ተጽፏል። ልጄ ያወጣለት ስም ነው።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ስለይ፣ ያለ ማንም እርዳታ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው።

የ... እ... ማ... ዬ... ል... ጅ።

የእማዬ ልጅ።

እንግዲህ ይህን እንዴት አድርጌ ላጥፋው?

አቧራ እንዳይገባበት ብዬ የኮምፒውተሩን ሳጥን የልጄን ብርድ ልብስ አልብሼው ነበር። ቡናማዋን። ጥጓን ካውያ አቃጥሏት በቀይ ክር የሰፋኋትን። ልጄ ሆስፒታል ሲገባም አብራው ነበረች።

ኮምፒውተሩ እሷን ለብሶ ሳለ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም።

በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ትልቋ ልጄ "እማዬ፣ ይቺ ነገር አቧራ ጠጥታለች" ብላ ገፈፈችና አጠበቻት። ጓሮ ገመድ ላይ አሰጣቻት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ያጓራ ጀመር።

ሳጥኑ ላይ የውስጡን ሙቀት የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለ። ቁጥር ድሮም አውቃለሁ። ሰባ... ሰማንያ... ሰማንያ ስምንት።

ጠጋኙን ጠራሁት። ቀልደኛ ወጣት ነው፤ ሲገባም እየሳቀ ነው የገባው።

"ማዘር፣ ይሄ እኮ አውሮፕላን ነው! ሊነሳ ነው!"

የሳጥኑን ጎን ፈታ።

"ፕሮሰሰሩ ነው የጋለው። ጨዋታው ያደክመዋል። እስኪ ይዝጉት።"

"አይዘጋም።"

"እሺ፣ አጥፍተን እናብራው።"

"አይጠፋም፣ ልጄ።"

ትልቋ ልጄ ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ ነገረችው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ።

"እሺ... እንደበራ እንሞክራለን።"

አቧራውን በአየር መንፊያ አወጣ። ማራገቢያዎቹን በስልኩ መብራት አንድ በአንድ አየ። ሁሉም ይሽከረከራሉ።

"ከአቧራ በምን ነበር የሚከልሉት?"

"በብርድ ልብስ።"

"በብርድ..." ሳቁ አመለጠው። "ማዘር! ኮምፒውተር እኮ ጉንፋን አይዘውም! እንኳንም ተገፈፈ፤ ታፍኖ ይሞት ነበር።"

ምን እንዳለ የገባው ካለው በኋላ ነው። አንገቱን ደፋ።

"ይቅርታ፣ ማዘር።"

"ምንም አይደል።"

ከዚያ እጁን ወደ ኋላ፣ አየሩ ወደሚወጣበት ሰደደ። እጁን ቶሎ መለሰው።

"ምነው?" አለችው ልጄ።

"ቀዝቃዛ ነው።"

እኔም ነካሁት። ቁጥሩ ዘጠና አንድ ይላል... የሚወጣው አየር ግን በረዶ ነው።

"ይሄማ ያጋጥማል" አለ፤ ራሱን የሚያጽናና ይመስላል። "በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባ ቅባት አለ። ሲደርቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ውስጡ ይነዳል፣ ውጪው ይቀዘቅዛል። ቅባቱን መቀየር ነው።"

"ለመቀየርስ?"

"መጥፋት አለበት።"

ጠጋኙ ዓይኑን ከእኔ ወደ ቁጥሩ መለሰ።

"ካላጠፋነውም... መቶ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል።"

ጠጋኙ ቀድሞ ያለው ነገር ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ውስጡ ይነዳል፣ ውጪው ይቀዘቅዛል...

ይህን አውቀዋለሁ።

ሆስፒታል ሳለን የትንሹ ልጄ ግንባር እሳት ነበር። እግሩ በረዶ። ነርሷ "ትኩሳቱ እንዲወርድ ይገለጥ" ብላ ብርድ ልብሷን አንስታ ሰጠችኝ። ልክ ነበረች፤ እንዲያ የሚያተኩሰው ሰው አይሸፈንም። አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ልጄ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

"እማዬ... በረደኝ።"

ከዚያ ወዲያ ቃል አልጨመረም።

ጠጋኙ የጠረጴዛ ማራገቢያ አምጥቶ ኮምፒውተሩ ፊት ደቀነበት።

ዘጠና ሁለት... ዘጠና አራት።

"እንዴ?"

አጠፋው። ዘጠና ሁለት።

አበራው። ዘጠና አምስት።

"ተገላቢጦሽ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ባራገብኩት ቁጥር ይብስበታል።"

ትልቋ ልጄ ሮጣ የክፍሉን መስኮት ከፈተች። ነፋስ ገባ።

ዘጠና ሰባት።

ያኔ ክንዴን ጨበጠችኝ።

"እማዬ... ስክሪኑን እዪ።"

"ምኑን?"

"ትከሻውን።"

በረዶው ላይ የቆመው ሰውዬ... ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"ድሮም እንዲህ ያደርግ ነበር?" አለችኝ።

አያደርግም ነበር። ጠዋት ተነስቼ የማየው እሱን ነው፤ ማታ ሳልተኛ የምሰናበተው እሱን ነው። አንድ ቀን እንዲህ ሲሆን አላየሁም።

ዘጠና ስምንት።

"ማዘር፣ ዕቃው ሳይቃጠል በሰላም ላጥፋው። ይፍቀዱልኝ።"

ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነበር።

"አንዴ ታገሠኝ። አንዴ ብቻ።"

ጓሮ ወጣሁ። አንዱ ጫማዬ በሩ ላይ ወልቆ ቀረ። ብርድ ልብሷን ከገመዱ ላይ መንጭቄ ተመለስኩ። ፀሐይ ላይ ስለዋለች ትሞቃለች።

ጠጋኙ ሲያየኝ አክብሮቱን ሁሉ ረሳው።

"አታልብሺው! ምን ነካሽ፣ ማዘር!"

"እማዬ፣ ተይ!"

ዘጠና ዘጠኝ።

አለበስኩት።

ከላይ ደረብኩለት፣ በጎን በጎኑ ጠቀጠቅሁለት፤ ልጅ ሲያስተኙ እንደሚደረገው። ቁጥሩ እንዲታየኝ ብቻ ጥጓን ገለጥ አደረግሁ።

ጩኸቱ ቆመ።

ጠፋ ብዬ ወደ ቁጥሩ አጎነበስኩ...

ዘጠና።

ሰባ።

ሃምሳ።

ሠላሳ ሰባት።

እዚያ ላይ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ የልጇን ትኩሳት ስትለካ ያደረች እናት ያቺን ቁጥር ታውቃታለች።

"እንዲህ አይሠራም..." አለ ጠጋኙ። "ይሄ ነገር እንዲህ አይሠራም..."

እያለ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። መፍቻውን ረስቶታል፤ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ አለ።

እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ብርድ ልብሷ ላይ አድርጌ፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ከሥሯ ለስለስ ያለ አየር ይወጣል። አሁን ሞቃት ነው። መጣ ይልና ይመለሳል... መጣ ይልና ይመለሳል።

ልጄ መስኮቱን ዘግታ ዞረች። ዞራም ቀረች።

"እማዬ..."

ስክሪኑን በአገጯ አሳየችኝ።

ሰውዬው መንቀጥቀጡን ትቷል። ቁጭ ብሏል።

በረዶው እንደወትሮው ይዘንባል። ስሙም ከራሱ በላይ አለ። ጀርባውን እንደሰጠን ነው።

ትከሻው ላይ ግን ቡናማ ብርድ ልብስ ደርቧል።

ጥጉ ላይ... በቀይ ክር የተሰፋ።