ማዶው ይታያል?

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ...

ሐምሌ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ። ጨለማ የለም፣ ሌሊት የለም። ብቻዬን ነበርኩ።

ኬንቲ እባላለሁ፤ የኮዲያክ ደሴት ልጅ ነኝ። ሥራዬ እንግዶች ይዤ ሐይቁ ዳር መቆም ነው። ቡናማ ድቦች ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምዱ ያያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይመለሳሉ። መንገድ ስለሌለ የምንመላለሰው ውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው።

ሁሉንም ሰው አንዴ ካልጫነ እንግዶቹ ቀድመው ይሄዳሉ። አስጎብኚው ከድቦቹ ጋር ይቀርና በሁለተኛው ዙር ይወሰዳል።

ሌላም ነገር አለ። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ሐይቁ ላይ ጉም መኖር አለመኖሩን አያውቅም። ስለዚህ በሬዲዮ ይጠይቅሃል።

«ማዶው ይታያል?»

ይታያል ካልከው ይመጣል። አይታይም ካልከው ይቀራል። ነፍሱ ያለችው አንተ አፍ ላይ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አብራሪው አጎቴ ኔስቶር ነበር። ያሳደገኝ እሱ ነው። ልጅ እያለሁ የአውሮፕላኑን ወንበር ቀበቶ የሚያስርልኝ በገዛ እጁ ነበር፤ የተረፈውን ጫፍ ሁለቴ ጠምዝዞ ከሥር ይወትፈዋል። እንደዚያ የሚያስር ሌላ ሰው አላየሁም።

ያን ቀን ጉም ወረደ። ሃያ ዓመቴ ነበር። እንግዶቹ ሄደዋል፣ ብቻዬን ቀርቻለሁ፣ ከበስተኋላዬ ድብ ይተነፍሳል። አጎቴ ጠየቀኝ።

ማዶው አይታይም ነበር። የገዛ ጫማዬን እንኳ በግድ ነበር የማየው።

«ይታያል» አልኩት። ቶሎ እንዲመጣልኝ ብዬ...

አልመጣም። እሱም አውሮፕላኑም እስከዛሬ አልተገኙም።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጁ ለማትሮናም ቢሆን። ዛሬ አብራሪዋ እሷ ናት።

እንግዲህ መጀመሪያ ባልኳችሁ ሐምሌ ማትሮና እንግዶቹን ጭና ልትነሳ ስትል በመስኮት ብቅ አለች።

«ድቦቹ እንዳይድሩህ ብቻ» አለችኝ።

«ካንቺ ይሻሉኛል። ቢያንስ አይነዘንዙም።»

ሳቀችና ሄደች። የአውሮፕላኑ ድምፅ ከራቀ በኋላ ያለውን ጸጥታ አልወደውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልለመድኩትም።

ጆሮዋ የተቀደደው እናት ድብ ሁለት ግልገሎቿን አጠገቤ ትታ ወደ ወንዙ አፍ ወረደች። ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች። ግልገል የሚገድሉት ትልልቆቹ ወንድ ድቦች ሰው ስለሚሸሹ እኔን ሞግዚት አድርጋኛለች።

ከዚያ ጉሙ ወረደ... በአንድ ጊዜ። ወፎቹ ዝም አሉ።

«ኬንቲ፣ ማዶው ይታያል?» ማትሮና ነች።

«አይታይም። እንዳትነሺ።»

«እሺ። ሻይህን ጠጣ።»

አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ...

የአውሮፕላን ድምፅ ሰማሁ።

ደሜ ፈላ። አትነሺ እያልኳት!

«ማትሮና፣ የት ነሽ?»

«ቢሮ። ዳቦ በዓሣ እየበላሁ። ምነው?»

«ምንም።»

ድምፁ ግን ቀረበ። ከጉሙ በላይ ይዞራል። ጥቂት ይሄድና ያስላል... ጥቂት ይሄድና ያስላል። ያንን ሞተር በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

ግልገሎቹ መጫወት ተዉ። አንዱ እግሬ ሥር ገብቶ ተለጠፈ። ይንቀጠቀጣል።

እናትየው የያዘችውን ዓሣ ጥላ እየሮጠች መጣች። አጠገቤ በሁለት እግሯ ቆመች። አንገቷ ቀስ ብሎ ይዞራል። ድምፁን እየተከተለች ነው።

ስለዚህ እኔ ብቻ አልነበርኩም የሰማሁት።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ኬንቲ...»

ሬዲዮውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ኬንቲ፣ ማዶው ይታያል?»

የአጎቴ ድምፅ ነው። አልተቆጣም። ደክሞታል ብቻ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ይታያል፣ ና» ልለው ነበር። ናፍቆኛል። ሰው በሞላበት ቤት ሳይቀር ብቻዬን ነኝ ከሱ በኋላ። አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያ ግን...

«አይታይም» አልኩ። «አይታይም አጎቴ። ያኔም አይታይም ነበር። ዋሽቼህ ነው። ፈርቼ ነው።»

ሞተሩ ቆመ። አልራቀም... ቆመ።

ቀጥሎ ውሃው ላይ አንድ ነገር በዝግታ አረፈ። ምንም አላየሁም። አንድ ሰው ውሃ ውስጥ እየተራመደ ሲመጣ ግን ሰማሁ። ጭልፕ... ጭልፕ... ጭልፕ።

ከዚያ አሸዋው ላይ።

እናት ድቧ ዓይኗን ከዳርቻው አነሳች። ወደ እኔ አመጣችው። አሳልፋ ከትከሻዬ ኋላ አሳረፈችው።

ከዚያም ተቀመጠች። የማትፈራውን ሰው እንዳየች።

ዞር አላልኩም። አንድ ሰዓት ሙሉ አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ እየተሰማኝ ቆምኩ።

ጉሙ ተገፈፈ። ማትሮና መጣችና ከጎኗ ተቀመጥኩ። አውሮፕላኑ ውሃው ላይ ሮጠ፣ ሮጠ፣ አልነሳም አለ።

«ምን ጭነሃል? ድንጋይ ነው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

በመጨረሻ ተነሳ። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅኩ። በዚያ ውስጥ የሁላችንም ትንፋሽ ይሰማል። የሷ አለ። የኔ አለ...

ሌላም አለ።

«ማዶው ይታያል?» አለ። በሹክሹክታ፣ ከኋላችን።

ወደ ውጭ አየሁ። ሐይቁ፣ ተራራው፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ፣ ሁሉም ጥርት ብሏል።

«ይታያል» አልኩ። አሁን ውሸት አልነበረም።

ማትሮና ቀና ብላ አየችኝ። «ማንን ነው የምታናግረው?» አላለችም። ፊቷን ወደ መሪው መለሰች።

ወደብ ላይ አውሮፕላኑን አስራ የኋላውን በር ከፈተች። ቆማ ቀረች።

«ኬንቲ» አለችኝ በቀስታ። «ይህን አንተ ነህ ያሰርከው?»

የኋላው ወንበር ባዶ ነው። ቀበቶው ግን ታስሯል። የተረፈው ጫፍ ሁለቴ ተጠምዝዞ ከሥር ተወትፏል።

ውሃ ያንጠባጥባል።