እባክዎ ያጭሱ

የክሊኒኩ ንብረት ኃላፊ ሰሌዳዎቹን ከጋሪው ላይ አንድ በአንድ አውርዶ የሰሌዳ ጻፊው የጽሑፍ ክፍል ግድግዳ ላይ አስደገፋቸው። ሲጨርስ እጁን አራገፈና «እስቲ ያንብቡልኝ» አለ።

ከአባቷ ቀድማ ጭራሮ አነበበች። ጭራሮ ያሏት ገና በሕፃንነቷ ለቅጥነቷ ነው፤ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ቅጥነቱም ስሙም አልለቀቋትም። ነጭ መደብ፣ ቀይ ቀለም፣ የአባቷ ድፍን ድፍን ያለ የሚያምር ፊደል፦ «እባክዎ ያጭሱ»። ሁሉም ላይ ያው ነው።

አባቷም አነበበ። እንደገና አነበበ። ሦስተኛው ላይ ከንፈሩ መንቀሳቀሱን አቆመ።

«ያዘዝነው አያጭሱ የሚል ነበር» አለ ንብረት ኃላፊው ድምፁን ሳይለውጥ።

ሰሌዳዎቹ ክሊኒኩ ውስጥ ሲሰቀሉ ማንም ልብ አላላቸውም። ልብ ያሏቸው ተራ ሲጠብቁ የነበሩ አንድ የሚያስላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሲጋራቸውን አውጥተው ለኮሱ። ነርሷ ስትቆጣቸው በጣታቸው ወደ ግድግዳው እያመለከቱ፣ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ ክሊኒክ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ነገሯት። ይህን የሚተርከው ንብረት ኃላፊ ፈገግ እንኳ አላለም። ዋናዋ ሐኪም መጀመሪያ ስቀው ነበር፤ ኋላ መሳቁን ተዉት። ዛሬ ሳይመሽ ካልተስተካከሉ የክሊኒኩ አዲስ ሕንፃ ሰሌዳ ሁሉ ለሌላ ጻፊ ይሰጣል።

«የጎደለችው እኮ አንዲት ፊደል ናት» አለ አባቷ።

«አዎ፣ አንዲት ናት» ሲል ተስማማ ሰውየው። «ዋናዋ እሷ ነበረች እንጂ።» ጋሪውን እየገፋ ወጣ።

አባቷ ሲጋራ ከተወ ወዲህ ፊደል እየጠፋበት ነው። ሐኪም ደረቱን አዳምጦ ምን እንዳለው ለቤተሰቡ አልተናገረም፤ አንድ ቀን ከውጭ ሲገባ ፓኮውን ከነመለኮሻው ለሚስቱ አስረክቦ «በቃኝ» አለ እንጂ። የዚያን ዕለት እናቷ በደስታ አለቀሰች። በሳምንቱ በንዴት አለቀሰች። ሰውየው እርሳስ ያኝካል። ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ይቆጣል፤ ሲያሞቁለት አቃጠላችሁኝ ይላል። ለአንድ ዳቦ ቤት «ዳቦ» ብሎ ጽፎ «ቤት» የሚለውን ረሳው። ደግነቱ ባለቤቱ ወደደው፤ አጭርና ግልጽ ነው አለ።

እናቷን ይበልጥ ግራ ያጋባቻት ግን ልጅቷ ናት። የተወው እሱ ሆኖ ሳለ ጭራሮም አብራ ትነጫነጫለች፣ በር ታላጋለች፣ ደብተር ላይ አፍጥጣ ትቀራለች። «አንዱ ቢተው ሁለት ሰው አበደብኝ» ትላለች እናቷ፣ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ደክሟት ስትገባ። የዕድሜ ነው ብላ ደመደመች።

የዕድሜ አልነበረም። ጭራሮ ከአባቷ ኮት ኪስ ሲጋራ መውሰድ ከጀመረች ቆይታለች። መጀመሪያ ከአንዲት የክፍሏ ልጅ ጋር ነው፤ ፋራ ላለመባል ሳበች፣ ትን አላት፣ ተሳሳቁ። ኋላ ልጅቷ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች፤ ሲጋራው ግን አልተዛወረም። ጭራሮ ከሰፈሩ ውሃ ታንከር ጀርባ ብቻዋን ቀረች። አባቷ ደግሞ ፓኮው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅበት «ሳላውቀው እንዲህ አበዛለሁ ማለት ነው?» እያለ በራሱ ይገረም ነበር። እሱ ሲተው የእሷም ምንጭ ደረቀ። እሱን ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ በርታ» አለው። እሷን ማንም አይዞሽ አላላት፤ ምን አውቆ ይበላት?

ሐራራው ሲነሳበት አባቷ ግቢው ውስጥ ወዳለው ጽሑፍ ክፍሉ ይጠራትና «ነይ እስቲ አጫውቺኝ» ይላታል። እሷም ታጫውተዋለች። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት እንደሚከብድ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት እንደሚያዘናጋ፣ ሲይዝ ዕድሜ ልክ የሚለቅ እንደማይመስል፣ ነገር ግን አንድ ዘፈን ተዘፍኖ እስኪያልቅ ቢታገሡት ጋብ እንደሚል ትነግረዋለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። አባቷ ግን እየተደነቀ ነው የሚሰማት።

«ይሄን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

«ባዮሎጂ ነው፣ አባዬ።»

ባዮሎጂ ብዙ ነገር ተሸከመላት። አባቷ የዘንድሮ ትምህርት ምን ያህል ለኑሮ እንደሚጠቅም ለጎረቤቱ ለአናጺው ሳይቀር አስረድቷል። የባዮሎጂ ፈተናዋን መውደቋን ገና አልሰማም። ቢሆንም ሲያመሰግናት ደስ ይላታል። «አይዞህ» ስትለው ግማሹ ወደ ራሷ ጆሮ እንዲገባ አድርጋ ነው የምትለው።

ዛሬ «አይዞህ» የሚበቃ አልሆነም። አባቷ ጨርቅ ቤንዚን ነክሮ «ያጭሱ» የሚለውን ከሁሉም ሰሌዳ ላይ ፋቀ። ከዚያ ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ አጠቀሰና ወደ መጀመሪያው ሰሌዳ ጎንበስ አለ። እጁ ተንቀጠቀጠ። የአ አንደኛው እግር ወደ ጎን ሸሸ። አጠፋውና እንደገና ሞከረ፤ አሁን ሁለቱም እግሮች ሸሹ። ብሩሹን አስቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው ጨምቆ ያዘ፣ የሰው እጅ እንደያዘ ሁሉ።

«ውሃ ላምጣልህ?»

«ውሃ አይደለም የጠማኝ» አለ። ዐይኑን ከወለሉ ላይ አላነሳም። «ሂጂና አንዲት ፍሬ ግዢልኝ። አንዲት ብቻ። እጄ ይርጋልኝና ይሄን ሥራ ልጨርስ። ለእናትሽ አንነግራትም።»

እምቢ ማለት ነበረባት። ምን እንደሚባልም ታውቃለች፤ ስትለው የከረመችው ነው። አፏ ግን እሺ አለ፣ እግሯ ደግሞ ከአፏ ቀደመ።

ባለሱቋ ሲጋራዋን ከፓኮ እየመዘዘች «አባትሽ ተወ ሲባል አልሰማሁም እንዴ?» አለቻት። ለእንግዳ ነው አለች ጭራሮ። «አይ እንግዳ» አለች ባለሱቋ፣ ያንን እንግዳ በብዙ ቤት እንደምታውቀው ዓይነት።

ከሱቁ ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ በታንከሩ በኩል ነው። እግሯ ሳያስፈቅዳት ወደ ጀርባው ወሰዳት። ሲጋራዋን አፍንጫዋ ሥር አስጠጋቻት። መንጋጋዋ ጭምድድ አለ፣ አፏ ምራቅ ሞላ። ሱቁ ጨርሷል ብትለው ማን ያውቃል? ክብሪት እንደሆነ ከማንም ይገኛል።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት፣ ከፊተኛው የባሰ። ምን አስቸኮላት? ወስዳ ትስጠው። ዛሬ አንዲት ያጨሳል፣ ነገ ሌላ ያምረዋል። ትንሽ ቆይቶ ፓኮው ወደ ኮቱ ኪስ ይመለሳል፣ ኮቱም እንደ ወትሮው ከበሩ ጀርባ ይሰቀላል። አባቷ ከተሸነፈ እሷ ተገላገለች።

ቅድም እግሯ ከአፏ ለምን እንደቀደመ አሁን ገባት። ፊቷ እሳት የነካው ያህል ጋለ። ሲጋራዋን ልትሰብራት ጣቶቿን ጫን አደረገች፤ ጣቶቿ እምቢ አሏት። ልትወረውራት እጇን ዘረጋች፤ እጇ ሳይከፈት ተመለሰ። ሌላ የምታደርገው ብታጣ ይዛት ወደ ቤት ሄደች።

አባቷ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ነው የጠበቃት። የሲጋራዋን አንድ ጫፍ ያዘ። ጭራሮ ሌላውን ጫፍ አልለቀቀችም።

«ልቀቂያ።»

«እኔም አምሮኛል» አለችው።

ቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ነበር። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው መንገድ ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ከኮትህ ኪስ ስወስድ ነበር። ብዙ ጊዜ። አንተ ስትተው የማገኝበት ጠፋኝ። ባዮሎጂ አይደለም፣ አባዬ።»

አባቷ ሲጋራዋን ለቀቃት። ይጮኽብኛል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ቁጣው ፊቱ ላይ መጣ፣ የሚያርፍበት አጥቶ ዞሮ ዞሮ ሄደ። የቀለም ቆርቆሮዎቹን እያየ፣ «እኔ እኮ» አለ፣ «የማጨሰው ብዛት አስደንግጦኝ ነው የተውኩት።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁበት ነበር። ጭራሮ እንባዋ መጣ።

«አሁንም ይዞሻል?» አላት።

«ይዞኛል።»

«የቱ ጋ ነው የሚይዝሽ?»

«መንጋጋዬን። አንተንስ?»

«እጄን። ሲብስበት ደረቴን።» ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። ከዚያ፣ «ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ እናቴ። የማውቀውን ሁሉ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ጭራሮ ሌላ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሲጋራዋን በመካከላቸው፣ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ አኖረቻት። አንተ ጣላት አለችው። አንቺ ጣያት አላት። የጣላት የለም። አንድ ዘፈን የሚዘፈንበት ጊዜ አለፈ፣ ሌላም ዘፈን ተጨመረ፣ ጋብ አላለላቸውም። ያንቺ እንዴት ነው ይላታል፤ እንዳለ ነው ትለዋለች። ትንሽ ቆይታ እሷ ትጠይቀዋለች፤ የእሱም እንዳለ ነው። ከዚህ የተሻለ የሚባባሉት አልነበራቸውም፣ ግን መጠያየቁን አልተዉም። ሰሌዳዎቹ ቃላቸው ተፍቆ፣ «እባክዎ» ብቻ ቀርቷቸው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

የግቢው በር ተንቋቋ። እናቷ ናት፤ ቅዳሜ ሥራዋ ግማሽ ቀን ነው። ኮቴዋ ወደ ጽሑፍ ክፍሉ ቀረበ።

የአባቷ እጅ ቀልጠፍ ብሎ ሲጋራዋን ሸፈናት። ከጠዋት ጀምሮ ሲርገፈገፍ የዋለው እጅ አሁን ንቅንቅ አላለም። ተያዩ። በዚያ መዳፍ ሥር ለሁለቱም የሚበቃ መደበቂያ ነበር፤ ከእሷ የሚፈለገው ዝምታ ብቻ ነው።

ጭራሮ እጁን ከክዳኑ ላይ አነሳችው። በሁለት እጇ ይዛ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችውና በሩ እስኪከፈት ጠበቀች።