ነሐሱ በምን ይመዘናል

ማስመሪያው ቁም ሣጥኑ ሥር ገብቶ አንድ ነገር ነካ። ልጅቷ በደረቷ እንደተኛች ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። ከአቧራና ከአንድ የሸሚዝ ቁልፍ ጋር ሽምብራ የምታክል ግራጫ ፍሬ ተንከባልላ ወጣች። ተራ ጠጠር በሆነች ብላ ተመኘች። መዳፏ ላይ ስታኖራት ግን ፍሬዋ ከመጠኗ በላይ ከበደቻት።

አባቷ የሚዛን መርማሪ ነው። በየገበያውና በየመጋዘኑ እየዞረ ሚዛን ይፈትሻል፤ ልክ በሆነው ላይ አረንጓዴ፣ ልክ ባልሆነው ላይ ቀይ ወረቀት ይለጥፋል። የሚፈትሽበት አንድ ኪሎ የሚመዝን የነሐስ መመዘኛ ሲሆን፣ ቤት ሲገባ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ከፋይ ለብሶ ይቀመጣል። አባቷ በባዶ እጁ ነክቶት አያውቅም፤ የጣት ወዝም ክብደት አለው እያለ ነጭ ጓንት ያጠልቃል። ከእሷ መወለድ በፊት ቤቱን ስለረገጠ በቀልድ «ታላቅ ወንድምሽ» ይለዋል። በቤቱ ውስጥ አትንኪ የተባለችው ነገር ቢኖር ይህ ነሐስ ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነካችው። ለሳይንስ ትምህርት የሠራችው የካርቶን ድልድይ ሙጫው እስኪይዝ የሚጫነው ከባድ ነገር ፈልጋ ነበር፤ ለአምስት ደቂቃ ብቻ። ነሐሱ ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወለሉን ሲመታ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ክዳን ተፈናጥራ ወጣች፤ ከሆዱም የእርሳስ ብረት ፍሬዎች ተበተኑ። መመዘኛው ሲሠራ ልኩ የሞላው በእነዚያ ፍሬዎች እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ያገኘቻቸውን ሰባት ፍሬዎች ለቅማ መለሰች፤ ክዳኗን በማንኪያ ጀርባ ተጭና ዘጋች፤ የጣቷንም አሻራ በሻሽ ወለወለች። ከመውደቁ በፊት ስንት ፍሬ እንደነበረ ግን አታውቅም።

ማክሰኞ ዕለት አባቷ በገበያው የአንዲት አትክልት ሻጭ ሚዛን ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈ። ሴትዮዋ በዴስክ አብራት የምትቀመጠው፣ በቁመቷ የተነሣ ቀጭኔ የሚሏት ጓደኛዋ እናት ናት። በማግስቱ ወሬው ክፍሉን ሞላው። አንዱ ልጅ ቀጭኔ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ጠብቆ፣ ቁመቷም ሲለካ ተጭበርብሮ እንደሆነ ጠየቃት፤ የኋላው ረድፍ በሳቅ ተንጫጫ። በእረፍት ሰዓት ቀጭኔ ወደ ልጅቷ ዞረች። በክፍሉ ጠብ ሁሉ ወደ እሷ ስለሚመጣ «ዳኛዋ» ነው የሚሏት።

«ዳኛዋ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ ይሳሳታል እንዴ?»

«አባቴ ተሳስቶ አያውቅም።»

ቃሏ ውሸት አልነበረም። ሆኖም ከአፏ እንደወጣ ዓይኗን ወደ ደብተሯ መለሰች።

በየማታው ይቅርታ ትለምን ነበር። ጸሎቷ ግን ሁልጊዜ «አባዬ ሳያውቅ» በሚል ያልቃል። ቀን ቀን ደግሞ ሳትታዘዝ ዕቃ ታጥባለች፤ ቁርሷን ለታናሽ ወንድሟ ትተዋለች፤ ቀጭኔን ሂሳብ ታስጠናለች። ቀጭኔ መጨረሻ ላይ ተጠራጥራ፣ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ መልአክ የሆንሽብኝ?» ብላ ስትስቅ እሷ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

አሁን ፍሬዋን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። አባቷ የቅዳሜ አስቤዛ ሊገዛ ወጥቷል። ምን ያህል እንደጎደለ ለማወቅ ፍሬዋን ሳትመልስ፣ ነሐሱን በሻሽ ይዛ ቁጥር በሚያሳየው የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። የሚዛኑ የቁጥር መስኮት ጥቂት አመነታና ቆመ፤ አንድ ሺህ ግራም። አንሥታ ደገመችው። አንድ ሺህ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ምንም አልጎደለም ማለት ነው። የተገኘችው ፍሬም ከሌላ ነገር የወደቀች ትሆናለች፤ የአትክልት ሻጯም ሚዛን በእርግጥ ልክ አልነበረም። እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ነሐሱን ወደ ቦታው መልሳ ደብተሯን አወጣች። ነገ በቤተ ክርስቲያን፣ በወጣቶች ትምህርት ላይ የምታነበው አንድ ገጽ ነበረባት። አስተማሪያቸው ርእሱን ለእሷ ሲሰጧት ከሌላው ይልቅ እሷ እንደምታውቀው ተናግረው ነበር፤ ርእሱም ይህ ነው፦ «ሰው ራሱን ከኃጢአት ማዳን ለምን አይችልም?» መልሱን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ጥቅሶቹንም ከነቁጥራቸው። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከርእሱ አላለፈችም። አሁን «ምክንያቱም» ብላ ጀመረች።

እጇ ቆመ። እሑድ ማታ አባቷ የዚህን የወጥ ቤት ሚዛን ባትሪ ሲቀይር ትዝ አላት። ባትሪውን ከከተተ በኋላ ነሐሱን ከሣጥኑ አውጥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠና አንዲት ቁልፍ ተጫነ። «በይ እንግዲህ፣» አለ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሚዛን አንድ ኪሎ ማለት ይሄ ነው።»

ሚዛኑ ልክን የተማረው ከጎደለው ነሐስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ብትጠይቀው አንድ ሺህ ከማለት ሌላ መልስ አይሰጣትም።

በሩ ተከፈተ። አባቷ ሁለት ዘንቢል አንጠልጥሎ ገባ፤ ቲማቲሙን ከሌላ ሰው እንደገዛና እንዳልጣመው እያጉረመረመ ዕቃውን ደረደረ። ያቺ አትክልት ሻጭ ለአሥራ አንድ ዓመት አረንጓዴ ወረቀት ሲለጥፍላት የኖረች ሴት መሆኗን ነገራት፤ ዛሬ በፊቷ ሲያልፍ ሰላምታ እንደነፈገችውም አልደበቀም። ሰኞ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሕፃናት የሚመዘኑባቸውን ሚዛኖች ይፈትሻል።

ሕፃናት የሚለውን ቃል ስትሰማ እጇን ኪሷ ከትታ ፍሬዋን ጨበጠች።

«አባዬ፣ ነሐሱ ራሱ ልክ መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

አባቷ ሳቀ። «ታላቅ ወንድምሽን ተጠራጠርሽው?» አለና ወንበር ሳበ። ከዚያ በዋናው መሥሪያ ቤት በመስታወት ተከድኖ ስለሚኖር ሌላ መመዘኛ አወራላት። በዓመት አንድ ጊዜ የሁሉም መርማሪዎች ነሐስ ተሰብስቦ ከእሱ ጋር ይመሳከራል።

«ከዚያ በፊት ብትጠራጠርስ? አንተ ራስህ ብታስተካክለውስ?»

«በምን አይቼ፣ እማዬ? እኔ ያለኝ ነሐስ እሱ ነው። የጎደለው ዕቃ ጉድለቱን አያውቅም። ወደዚያ መውሰድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።»

ጡጫዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጣቶቿ ለመከፈት ረጅም ጊዜ የወሰዱ መሰላት። ፍሬዋ ተንከባልላ የአባቷ ክንድ ጋ ቆመች።

ነገረችው። ካርቶኑን፣ ክዳኗን፣ ሻሹን፣ ለቀጭኔ የመለሰችውን ቃል ሳይቀር፤ አንድም ነገር አላሳመረችም። ስታበቃ አባቷ ነሐሱ የወደቀበትን ቀን ብቻ ጠየቃት፤ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ከዚያ ቀን ወዲህ የፈተሻቸውን በጣቱ እየተከተለ፣ «ሃያ ሦስት ሚዛን» አለ። ለእሷ የተናገረው አይመስልም ነበር። ፊቱ ላይ ቁጣ ስትፈልግ ድካም አየች፤ እሱም ከቁጣው ባሰባት።

ፍሬዋን በፖስታ ከትቶ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። ሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ዋናው መሥሪያ ቤት አስረክቦ ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ ሃያ ሦስቱም ጋ ተመልሶ እንደሚሄድ ነገራት።

«ደብዳቤው ላይ የኔን ስም ጻፍ» አለችው።

«የሚጻፈው የኔ ነው። ሣጥኑን መቆለፍ የኔ ሥራ ነበር፤ ወረቀቶቹ ላይ ያለውም የኔ ፊርማ ነው።»

«የጣልኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።» እጁን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈ፤ ከብዶ የተቀመጠ እጅ ነበር። «የኔም ነሽ።»

ከዚያ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። የአትክልት ሻጯን ቀይ ወረቀት ገበያው ሳይበተን ሊያነሣ ነው። አረንጓዴ እንደማይለጥፍ ነገራት፤ በምን ፈትሾ ይለጥፋል? ቀዩን ግን እዚያው ቆሞ፣ ሰው እያየ ይልጠዋል። እሷ መምጣት እንደማያስፈልጋት፣ ጽሑፏን ብትጨርስ እንደሚሻል ጨመረ።

በሩ ጋ ደርሶ የመሥሪያ ቤት ባጁን አንገቱ ላይ ሲያስተካክል እሷ ደብተሯን አየች። ገጹ ላይ «ምክንያቱም» የሚለው ቃል ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ደብተሩን ሳትዘጋ ተወችው።

ቀጭኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ውስጥ እናቷን ታግዛለች። የኋላው ረድፍ ልጆችም ኳስ ሜዳ ሲሄዱ በዚያው ነው የሚያልፉት።

«ጠብቀኝ» አለችው፤ ጎንበስ ብላም የጫማዋን ማሰሪያ ማሰር ጀመረች። ሁለት ጊዜ ተፈታባት። አባቷ በሩን ከፍቶ ይዞ ጠበቃት።