የባሕር ማዶው ጻድቅ

«አምጣው።»

መዝሙር ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ቦታው አዘዞ፣ መንገድ ዳር ያለ እንግዳ ማረፊያ፣ አንደኛ ፎቅ። ቀትር ነው። ከታች የሚኒባስ ረዳቶች «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያሉ ይጮሃሉ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው አላምረው ይባላል፤ የጎንደርን ቅርስ እየሸጠ የከበረ ሰው ነው። በሩ ላይ ጠባቂው ቆሟል።

አላምረው የሚያውቀው መዝሙር ድሃ ደብተራ ነው። ቁስቋም ሰፈር ከአንድ አዛውንት ጋር በደባልነት ይኖራል፤ የአዛውንቱን ሥዕል ሰርቆ ሊሸጥም ተስማምቷል። እውነቱ ሌላ ነው። መዝሙር ሰላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ በምስጢር ስሙ «ዋርካ» ይለዋል፤ የላከው አለቃው ህሩይ ደግሞ «አጋፋሪ» ይባላል። አላምረው ሥዕሉን ሲረከብ መዝሙር መስኮቱን ይከፍታል፤ ያኔ አጋፋሪ ፖሊስ ይዞ ይገባል። ዕቅዱ ይኸው ነበር።

አጋፋሪ ያላወቀው አንድ ነገር አለ። «ዋናውን አምጣ» ብሎ አዝዞ ነበር። መዝሙር ግን ዋናውን ሊያወጣ ልቡ እምቢ አለው። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ቅጂ ነው።

ዋናው ቁስቋም፣ በአዛውንቱ በአያ ዋኘው ቤት ግድግዳ ላይ በመጋረጃ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። አያ ዋኘው ዘጠናን የተሻገሩ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ናቸው። ኮርያ ሳሉ አንዲት አሮጊት ከሚቃጠል ቤት ይህን ሥዕል አቅፋ ስትወጣ አገኟት። «ልጆቼ ተበትነዋል፤ አንተ አስቀምጥልኝ፤ ከዘሬ የተረፈ ሲመጣ በእጅህ ስጠው» አለቻቸው በአስተርጓሚ። ማሉላት። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተለወጠ፤ የሳቸው መሐላ ግን አልተለወጠም። ዘንድሮ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ተገኝታ ከፋሲካ በኋላ ልትመጣ ነው። አያ ዋኘው ነፍሳቸውን ያቆዩት ለዚያች ቀን ነው ቢባል ውሸት የለበትም።

ሥዕሉ የአንድ የጥንት የኮርያ ሹም ነው። ባለ ክንፍ ጥቁር ቆብ ደፍቷል፤ ደረቱ ላይ ሁለት ነጭ ወፎች ተጠልፈዋል፤ ፊቱን ትንሽ ዘወር ስላደረገ አንድ ጆሮው ብቻ ይታያል። የሰፈሩ ሰው ግን ወፎቹን አይቶ ጻድቅ አድርጎታል። የአያ ዋኘው ባለቤት እስኪሞቱ ድረስ ጠዋት ጠዋት ይሳለሙት ነበር። አያ ዋኘውም ዝም አሉ። «ቢሳሙት ምን ይጎዳዋል? በሕይወቱ የሳመው የለ» ይላሉ።

ማታ ማታ ታሪኩን ለመዝሙር ያወጉታል።

«ዩን ቴሆ ነው ስሙ። እንደኛ አገር ቢትወደድ በለው። ሦስት ነገሥታት አገልግሏል። እሱ እሺ ሳይል ግቢው ውስጥ በር አይከፈትም። የኋለኛውን ንጉሥ ከሕፃንነቱ ፊደል እያስቆጠረ ያሳደገ እሱ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ ይኼ ግን አልበላም፣ አልቆጨውም። ምቀኞች ከሰሱት። ያሳደገው ልጅ መርዝ በጽዋ ላከለት።»

«ጠጣው?»

«የሹመት ልብሱን ለበሰ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ዞሮ ሰገደ። ጠጣ። የመረረው መርዙ እንዳይመስልህ፣ ልጄ። ላኪው ነው።»

ልጄ ይሉታል። መዝሙር ይህችን ቃል ሪፖርቱ ውስጥ አስገብቷት አያውቅም።

አዘዞ፣ አላምረው ጥቅሉን ፈታ። ስልኩን አወጣ። አየ። ደግሞ አየ።

«ይኼ ሰውዬ ሁለት ጆሮ አለው።»

መዝሙር ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለ።

ቅጂውን የሠሩት የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓሊ አባ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። በእሳቸው ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፤ ፊቱን የሚያዞረው ከሐዲ ነው። የሰፈሩን ጻድቅ ማዋረድ ከብዷቸው ፊቱን አቀኑለት፣ የጎደለ ጆሮውን ሞሉለት። መዝሙርም የካህን ልጅ ነውና ቅጂውን ሲረከብ ምንም አልጎረበጠው።

«ከዚህ ጋር አስተያየው» አለ አላምረው፣ ስልኩን እያዞረ።

የዋናው ሥዕል ፎቶ ነው። ጥጉ ላይ የመዝሙር የገዛ አውራ ጣት ይታያል። ያነሳው እሱ ነው። የላከውም ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ለአጋፋሪ።

መዝሙር መስኮቱን ከፈተ። ማንም አልመጣም።

አላምረው ደወለ። «ቅጂ ነው ያመጣው፤ ዋናው እዚያው ቤት ነው።» ከስልኩ ውስጥ የህሩይ ድምፅ መለሰ፦ «ከተማ ነኝ። ራሴ አመጣዋለሁ። እሱን ያዙት።»

ጠባቂው ተንቀሳቀሰ።

መዝሙር በመስኮቱ ዘለለ።

ከታች የነበረው የሱቅ ቆርቆሮ ተቀበለው። እያነከሰ ባጃጅ ውስጥ ገባና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ።

«ዋርካ ነኝ። አጋፋሪ ከድቷል። ቁስቋም እየሄደ ነው። ሻጩ አዘዞ አለ።»

«ፖሊስ እንልካለን። አቆየው። ማንነትህን ግን እንዳትገልጥ።»

ኡኡታውን የሰማው ቁስቋም ዳገት ላይ ነው። የምትጮኸው የአያ ዋኘው ልጅ ወለተሩፋኤል ናት። «የሰው ያለህ! ጻድቁን ወሰዱት!» ትላለች። ጻድቅ አለመሆኑን ካባቷ ሰምታለች፤ ጎረቤት የሚወጣው ለምን እንደሆነም ታውቃለች። ዐቢይ ጾም ነበርና ጾመ ድጓ ቆመው የነበሩት ካህናት መቋሚያቸውን እንደያዙ ወጥተው የህሩይን መኪና ከበቡት።

ህሩይ ሥዕሉን በብብቱ ይዞ መታወቂያውን ከፍ አድርጓል። አያ ዋኘው መድረኩ ላይ ወድቀዋል፤ በር ላይ ሲቆሙበት ገፍትሯቸው ነው።

«የመንግሥት ሥራ ነው! ቅርሱን ከሌባ እያዳንን ነው። ዞር በሉ!»

ማኅተም ያየ ሰው ይፈራል። መንገድ መልቀቅ ጀመሩ።

አያ ዋኘው መዝሙርን አዩት። «ልጄ መጣ» አሉ። «እሱ ይመስክር። እሱ አይዋሽም።»

ዝም ቢል ሥዕሉ ይሄዳል። ቢናገር እሳቸው ይሰማሉ።

ተናገረ።

«ይህ ሰው አለቃዬ ነው። ሌባው እሱ ነው። እኔም ደብተራ አይደለሁም። ወደዚህ ቤት የገባሁት ለስለላ ተልኬ ነው።»

መቋሚያዎቹ መልሰው ገጠሙ። ህሩይ ሥዕሉን ለቀቀ። ፖሊስ ደርሶ እሱን ከዚያ፣ አላምረውን ከአዘዞ ለቀመ። ሥዕሉም ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

አያ ዋኘው ሥዕሉን አላዩም። የሚያዩት መዝሙርን ነው።

«ምነው?» አሉ። «ምነው ልጄ? እኔ እኮ በስተርጅና ወንድ ልጅ አገኘሁ ብዬ ነበር።»

ሊያነሳቸው ጎንበስ አለ። እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሳምንቱን አልጨረሱም። ሐኪሙ የወደቁበት ዳሌ ነው አለ። መዝሙር ግን የገደላቸውን የሚያውቅ መሰለው፤ አለቀሰም፣ በፎጣ አፉን አፍኖ። ሰላይ አያለቅስም የሚሉ ሰላይ ሆነው አያውቁም።

ቀብሩ ላይ ከአጥሩ ዳር ቆመ። ጥምጣሙን አውልቆ ኮትና ባርኔጣ ስላደረገ ማንም ልብ አላለውም። ወለተሩፋኤል ግን ለየችው። ነጠላዋን አደግድጋ መጣች።

«ሥዕሉን ለኮርያዋ ልጅ እኔ እሰጣታለሁ። በእጄ ማለት በእጃቸው ነው» አለች።

«ሸጋ ነው።»

«አባባ በመጨረሻ ስላንተ ጠየቁኝ። ‹ይቅር ብዬዋለሁ፣ ልጸልይለት፤ የክርስትና ስሙ ማነው?› አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ሲጨነቁ አደሩ። ስም የሌለው ሰው እንዴት ይጸለይለታል?» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እስቲ ንገረኝ። እኔ ልቀጥልላቸው።»

አፉን ከፈተ። ከመንገዱ ማዶ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። በዚህ ሰፈር እውነት የተናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያቺም ቀን አዛውንቱን ወሰደች።

«ባታውቂው ይሻላል፣ እቴ።»

እሷም ሳትሰናበተው ወደ ለቅሶተኛው ተመለሰች።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አዲስ ስም ያለበት መታወቂያ ሰጡት። ደጋግሞ አነበበው። ከተሳፋሪው መካከል ተቀመጠ፤ ሻንጣ የሌለው አንድ ተራ ሰው። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ከመውጫው በር ላይ አንድ ስም ጠራች። ማንም አልተነሳም። ደግማ ጠራች፤ ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ ተያየ፤ እሱም አብሮ ዞር ዞር አለ።

በሦስተኛው ነው የሚጠሩት እሱን መሆኑ የገባው።